ለገና የተረፈ መርከብ

በ1983 ለእይታ የበቃውን «ሪተርን ኦፍ ዘ ጄዳይ» የተባለ የስታር ዋርስ ፊልም ያየ ሰው የጃባን መርከብ አይረሳትም። ሰፋፊ ሸራዋን ዘርግታ፣ ከአሸዋው ከፍ ብላ፣ የወንበዴዎቹን አለቃ ጃባን ከነአጃቢዎቹ ጭና በረሃውን ታቋርጣለች። (ዓመቶቹንና ወሮቹን ሁሉ የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) የፊልሙን መጫወቻዎች ይሠራ የነበረው የሲንሲናቲው ኬነር ኩባንያ ጃባን ሠርቶ ሸጠ። ሙዚቀኞቹንም ሠራ። ከመርከቧ ጎን የምትሄደውን ትንሿን ጀልባ ዘግይቶም ቢሆን በ1985 አወጣ። መርከቧን ግን ዘለላት። ፊልሙ በወጣበት ዓመት ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ ለትንንሾቹ የፕላስቲክ ጀግኖቹ የምትሆን የጃባ መርከብ ያገኘው በ44 ዓመቱ ነው።

አንዱ ተሠርቶ ሌላው የሚዘለለው ለምንድን ነው? ሰብሳቢዎች ይህን ሲጠያየቁ ዘመናት አልፈዋል፤ መልሱም አብዛኛውን ጊዜ በዶላርና በሴንቲሜትር ይነገራል። እኔ የመጫወቻ ካርቶኖቹን በትከሻቸው ከተሸከሙት አንዱ ስለነበርኩ ከመልሱ የጎደለ ነገር እንዳለ አምናለሁ። የጎደለው፣ ተሠርቶ ሳይሸጥ የቀረው መጫወቻ በመጨረሻ ማን እጅ ይገባ እንደነበር ነው።

በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ ከደሴ ወጥቼ በሱዳን በኩል አሜሪካ ከገባሁ በኋላ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ትልቅ የመጫወቻ መደብር መጋዘን የማታ ሥራ ይዤ ነበር። የጭነት መኪናው በር ሲከፈት የአዲስ ካርቶንና የፕላስቲክ ሽታ ይቀበለናል። ሌሊቱን ሙሉ እናወርዳለን፣ እንከፍታለን፣ እንደረድራለን። መደርደሪያዎቹ ከወለል እስከ ጣሪያ ስለሚደርሱ የላይኛውን ለመሙላት መሰላል እንወጣ ነበር። ከመተላለፊያዎቹ በአንደኛው፣ በግራ በኩል ትንንሾቹ ጀግኖች በየካርዳቸው ተሰቅለው ይታያሉ፤ ፊት ለፊታቸው ደግሞ የሚነዱት ሁሉ ተደርድሯል፦ ጂፑ፣ ታንኩ፣ ሄሊኮፕተሩ፣ የጠፈር መንኮራኩሩ። ለጀግናው የሚቀመጥበት ወንበርና የሚጨብጠው መሪ ነበረለት። የካርቶኖቹ ሥዕል ብቻውን አንድን ልጅ ምንም ሳይገዛ ረጅም ሰዓት ያቆመው ነበር።

በ1985 የወጣችው ዩ ኤስ ኤስ ፍላግ የተባለችው የጂ አይ ጆ መጫወቻ ወታደሮች አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ደግሞ ከሁሉም ትለይ ነበር። ተገጣጥማ ስትቆም ርዝመቷ ከ2 ሜትር ከ20 ይበልጣል። ካርቶኗን የምንሸከማት ለሁለት ነበር። ዋጋዋ 110 ዶላር ገደማ ነው። በዚያ ጊዜ የፌዴራሉ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 3 ዶላር ከ35 ሳንቲም ስለነበር፣ በዚያ ክፍያ የሚያድር አባት መርከቧን ለመግዛት ግብር ሳይቆረጥበት 33 ሰዓት ያህል መሥራት ነበረበት። ብዙ ልጅ አላገኛትም። ብዙ ልጅ ግን አጠገቧ ቆሟል። እጁን ዘርግቶ ካርቶኗን ከዳር እስከ ዳር ለክቷል፣ የአዛዧን ስም አንብቧል፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ እዚያው መኖሯን ሊያረጋግጥ እናቱን ጎትቶ ተመልሷል።

ዛሬ በትልልቅ መደብሮች የመጫወቻ ክፍል ያለው ጥቂት መንጠቆ ነው። በመንጠቆዎቹ ላይ አንድ ዓይነት ጀግና ተደጋግሞ ተሰቅሏል። የአንዱ ዋጋ ብዙውን ጊዜ ከ15 ዶላር በላይ ነው። ተሽከርካሪ የለም፤ ካለም አንድ ወይም ሁለት ነው። መደርደሪያው አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ ከሚደርስበት በላይ አይሄድም። ልጆች ሲቆሙበት ብዙ አይታይም። የሚቆሙት አርባና አምሳ ዓመት የሆናቸው ወንዶች ናቸው፤ ስልካቸውን አውጥተው ዋጋ ያወዳድሩና ይሄዳሉ።

ያ ሁሉ ተሽከርካሪ በእኛ መደርደሪያ ላይ ሊቆም የቻለበትን ምክንያት ለማወቅ ከጀግናው ቁመት መነሳት ያስፈልጋል። ሃስብሮ የተባለው የመጫወቻ ኩባንያ በ1964 ያወጣው የመጀመሪያው ጂ አይ ጆ 30 ሴንቲሜትር ነበር። ለእሱ ልክ የሚሆን ጂፕ እንኳ ትልቅ ዕቃ ነው፤ የጦር መርከብማ የማይታሰብ ነበር። ከ1973 በኋላ ነዳጅ ሲወደድ ከነዳጅ የሚሠራው ፕላስቲክም ተወደደ፤ ያ ትልቅ ወታደርም አስርቱ ዓመት ሳያልቅ ከገበያ ወጣ። ኬነር የስታር ዋርስን መጫወቻዎች ሊሠራ ሲነሳ ጀግኖቹን 9.5 ሴንቲሜትር አደረጋቸው። የፊልሙ ውበት መንኮራኩሮቹ ነበሩ፤ መንኮራኩሩ አንድ ሠራተኛ ቤተሰብ በሚችለው ዋጋ እንዲወጣ ደግሞ አብራሪው ማነስ ነበረበት። አንዱ ጀግና 2 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር። ሃስብሮም በ1982 ጂ አይ ጆን መልሶ ሲያመጣው በዚሁ ቁመት ነው። ትንሹ ጀግና ትልቁን መርከብ አስቻለ።

የስታር ዋርስ መጫወቻዎች ጅምር ራሱ መጠበቅ ነበር። የመጀመሪያው ፊልም በሜይ 1977 ወጥቶ አገሩን ሲያጥለቀልቅ ኬነር ለዚያ ዓመት ገና የሚያደርሰው ጀግና አልነበረውም። ስለዚህ ጀግና የሌለበት የካርቶን ፖስታ ሸጠ። ውስጡ ያለውን ወረቀት ሞልቶ የላከ ቤተሰብ በ1978 አራት ጀግኖች ቤቱ ድረስ መጡለት፦ ሉክ፣ ልዕልት ሊያ፣ ቹባካና አር ቱ ዲ ቱ። ከፍሎ መጠበቅ ያኔ የአንድ ዓመት ችግር ማለፊያ ነበር። ወዲያው መደርደሪያው ሞላ፤ ኤክስ ዊንግና ታይ ፋይተር በ1978፣ ሚሊኒየም ፋልከን በ1979፣ ባለአራት እግሩ ኤቲ-ኤቲ በ1981 ወጡ። ወላጅ ገንዘቡን የሚያወጣው ዕቃውን በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ መዝኖ ሆነ።

አሁን ቁመቱ ተመልሶ አድጓል። የስታር ዋርስ መጫወቻዎች ሥራ ከኬነር በኋላ የደረሰው ሃስብሮ በ2013 ብላክ ሲሪስ የተባለውን 15 ሴንቲሜትር ገደማ የሚሆን የጀግኖች መስመር ጀመረ። ገዢው ፊቱ ተዋናዩን የሚመስል፣ ክንዱና ጉልበቱ የሚታጠፍ ጀግና የሚፈልግ አዋቂ ነው። ቀሪው ሒሳብ ነው። ቁመቱ ከ9.5 ወደ 15 ሲሄድ ጀግናው 1.6 እጥፍ ያህል አደገ። መንኮራኩሩ ግን በርዝመትም፣ በስፋትም፣ በከፍታም ስለሚያድግ የሚይዘው ቦታ 4 እጥፍ ይሆናል። በ2015 ለዚህ ቁመት የተሠራው ታይ ፋይተር ከ150 ዶላር በላይ ይጠየቅበት ነበር። መደብሮች ይህን የሚያህል ካርቶን ለወራት ቦታ ይዞ እንዲቀመጥባቸው አይፈልጉም። ስለዚህ አብራሪው ይሸጣል፤ የሚያበረው አይሠራለትም።

ኬነርም ያኔ ይዘል ነበር። ነገር ግን በዘለለው ምትክ የሚያስቀምጠው ነገር ነበረው። ከ1981 ጀምሮ ፊልሙ ላይ ያልታዩ ትንንሽ ተሽከርካሪዎችን ፈለሰፈ፤ ኤም ቲ ቪ-7፣ ኤም ኤል ሲ-3፣ ካፕ-2 የሚሉ ስሞች ሰጣቸው። አንድ ጀግና ይይዛሉ፣ ዋጋቸው ከትልልቆቹ በጣም ያንሳል። እኔ ሥራ ስጀምር ቅሪታቸው መጋዘኑ ጥግ ነበር። ኤቲ-ኤቲ መግዛት ያልቻለች እናት ልጇን ባዶ እጁን ሳትመልሰው የምትወጣበት መንገድ እነሱ ነበሩ። ልጆቹም ይህ ፊልሙ ላይ የለም ብለው አልተከራከሩም፤ ጀግናቸው ውስጡ ከገባ በቂያቸው ነበር።

እንዲያ ያለው ፈጠራ ያልታሰበ ቦታ ደርሷል። በ1979 ኬነር ያወጣው የኢምፓየሩ ወታደሮች ማመላለሻ ከፊልሙ የመጣ አልነበረም፤ ቁልፉን ሲጫኑት ድምፅ የሚያሰማ፣ ወታደሮች በጎንና በጎኑ የሚቀመጡበት ተሽከርካሪ ነበር። ዛሬ በስክሪን ይታያል። መጀመሪያ በ2014 በጀመረው «ሬብልስ» ካርቱን፣ ቀጥሎም በ2019 በጀመረው «ማንዳሎሪያን» ውስጥ ገባ። በመጫወቻው ያደገ ትውልድ ፊልም ሠሪ ሲሆን የልጅነቱን ዕቃ ይዞ መጣ። ያኔ ለመደርደሪያ ብቻ የተፈለሰፈ ነገር በኋላ ታሪኩን ራሱን አሰፋው።

ዛሬ አንድ ተሽከርካሪ የሚዘለልበት መንገድ ሦስት በር አለው። የመጀመሪያው የብረት ሞልዱ ነው። ፕላስቲኩ ቀልጦ የሚገባበት ይህ ብረት በጣም ውድ ነው፤ ዋጋውም አምስት ሺህ ቢሸጥ አምስት መቶ ሺህ ቢሸጥ ያው ነው። የአንድ ወታደር አካል የተቀረጸበት ሞልድ የወታደሩ ጭንቅላት እየተቀየረ፣ ቀለሙ እየተለወጠ ለዓመታት ያገለግላል። የጃባ መርከብ ሞልድ ግን ከጃባ መርከብ ሌላ የሚያወጣው የለም። ሁለተኛው በር ኮንቴይነሩ ነው። መጫወቻው የሚሠራው በአብዛኛው ቻይና ውስጥ ነው፤ ባሕር ተሻግሮ ሲመጣ የሚከፈለው በሚይዘው ቦታ ልክ ነው፤ ትልቅ ካርቶን ደግሞ ብዙ አየር ይዞ ይጓዛል። በ2021 የኮንቴይነር ዋጋ በብዙ እጥፍ ሲያሻቅብ ያ አየር ራሱ ትልቅ ወጪ ሆነ።

ሦስተኛው በር መደብሩ ነው። ሃስብሮን የመሰለ ኩባንያ የሚሠራውን ከመወሰኑ በፊት ናሙናውን ለዋልማርት፣ ለታርጌትና ለአማዞን ገዢዎች ያሳያል። እነሱ የሚያሰሉት እያንዳንዱ የመደርደሪያ ክንድ በሳምንት ስንት ዶላር ያስገባል ብለው ነው። የሚሰቀል ጀግና ከአንድ ትልቅ ካርቶን በተሻለ ቦታውን ያስከፍላል። ያልተሸጠ ዕቃ ዋጋው ሲወርድ ደግሞ መደብሩ ኪሳራውን ኩባንያው እንዲጋራው ይጠይቃል። ከነዚህ ጥቂት ገዢዎች ሁለቱ ካልፈለጉት ሞልዱ አይቆረጥም። ልጁ ሊያየው ቀርቶ መኖሩንም ሳይሰማ ይቀራል።

ስሌቱ የሚነሳው ማን ይገዛል ከሚል ግምት ነው፤ ግምቱም ሰውን ይዘላል። በ2015 በወጣው «አቬንጀርስ፦ ኤጅ ኦፍ አልትሮን» ፊልም ላይ ከአውሮፕላን በሞተር ሳይክል የምትወርደው ብላክ ዊዶ ናት። ሃስብሮ ያንን ትዕይንት መጫወቻ ሲያደርገው ሞተር ሳይክሉ ላይ ካፒቴን አሜሪካን አስቀመጠው። ተሽከርካሪው ተሠራ፤ ነጂዋ ቀረች። ፊልሙን አይታ የወጣች ልጅ ያየችውን ነገር መደርደሪያው ላይ አላገኘችውም።

በዚህ ሁሉ መሃል መንኮራኩሮቹንና መርከቦቹን ተቀብሎ ያሳደጋቸው ሌጎ ነው። ሌጎ የስታር ዋርስን ፈቃድ ከ1999 ጀምሮ ይዟል። የጃባን መርከብ በ2006 ሠራ፣ በ2013 ደግሞ ደገማት፤ ለልጅ በሚሆን መጠን፣ በመደርደሪያ ዋጋ። የቻለበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ጡቦቹ ቀድመው ያሉ ናቸው፤ ለአንድ መርከብ ብሎ አዲስ ብረት በብዛት መቁረጥ አያስፈልገውም። መርከቧም ተበታትና ስለምትታሸግ ካርቶኑ ያን ያህል አየር አይሸከምም። በ2024 ግን ለአዋቂዎች ያወጣት ሦስተኛዋ የጃባ መርከብ 3,942 ቁራጭና 500 ዶላር ሆና መጣች። ሌጎም ልጁን አልተወም፤ ግን ዓይኑን ወደ አባትየው አዙሯል።

ከዚያ መጋዘን እስካሁን አብሮኝ የሚኖረው ከዲሴምበር 25 በኋላ የነበሩት ቀናት ናቸው። የፈረንጅ ገና ባለፈ ማግስት ማናጀሩ ዝርዝር ይዞ ይመጣና ዋጋ መለጠፊያውን ይዘን እንወጣለን። ኩባንያው ደፍሮ የሠራው፣ መደብሩ ደፍሮ የገዛው፣ ግን ያልሄደው ሁሉ መጀመሪያ በግማሽ፣ ቀጥሎ በሩብ ዋጋ ይለጠፍበታል። ሳይሄድ የሚቀረው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ትልቁ ካርቶን ነው፤ ታንኩ፣ ምሽጉ፣ መርከቡ። ለማናጀሩ ያ ሳምንት የኪሳራ ሳምንት ነበር። ለእኛ ሰዎች ግን በዓል ከመግባቱ በፊት ያለው የግዢ ሳምንት ነበር። የኛ ገና ጃንዋሪ 7 ነዋ።

ከሲልቨር ስፕሪንግና ከአሌክሳንድሪያ፣ ከሆስፒታልና ከሆቴል ሥራ ሲወጡ፣ ካፖርታቸው ላይ ነጠላ ጣል አድርገው የሚመጡ እናቶች ነበሩ። አንዳንዶቹ ልጁ በኖቬምበር የቆመበትን ቦታ በልባቸው ይዘውታል። «ወንድሜ፣ ይቺ መርከብ ዋጋዋ አልቀነሰም እንዴ?» ትለኛለች አንዷ። «ሐሙስ ይወርዳል እህቴ፤ በጠዋት ይምጡ» እላታለሁ። ሐሙስ በጠዋት በር ላይ ትገኛለች። የዕቃውን ሰነድ የሚሠሩት ሰዎች እንደ ጥፋት የሚመዘግቡት ካርቶን በእሷ ክንድ ሲወጣ ያለምንም ጉድለት የበዓል ስጦታ ነበር። ልጁ ትምህርት ቤት ያሉ ጓደኞቹ ካገኙ በኋላ ቢያገኘውም ለገናው በቀኑ ደርሶለታል።

እኔ የመጣሁበት ልጅነት ሌላ ነበር። ደሴ ላይ መኪናችንን ከሽቦ አጣጥፈን፣ ጎማውን ከቆርኪ አድርገን፣ ረጅም መሪ ተክለንለት በየዳገቱ እንነዳው ነበር። የፈለግነውን አውቶቡስና የጭነት መኪና ራሳችን ስለምንሠራ ማንም የሚዘልብን አልነበረም። አሜሪካ ያለ ልጅ ግን የሚጫወተው ሌላ ሰው በወሰነለት ነው። ስለዚህ እዚያ መደርደሪያ ላይ ምን እንደሚቆም መወሰን ቀላል ነገር አይደለም። የልጅ ሐሳብ እስከየት እንደሚሄድ በከፊል የሚወሰነው በዚያ ነው።

በፌብሩዋሪ 2018 ሃስብሮ ሃስላብ የሚባል አሠራር አስተዋወቀ። የመጀመሪያው ሥራ ያቺው የተዘለለችው የጃባ መርከብ ነበረች። ርዝመቷ 1.2 ሜትር ገደማ፣ ዋጋዋ 500 ዶላር። እስከ ኤፕሪል 3 ድረስ 5,000 ሰው ካዘዛት ትሠራለች፤ ካልሞላ ትቀራለች። ያዘዘው ሰው 8,810 ደረሰ። በ2019 ለየቤታቸው ተላከች። መደርደሪያ ላይ አልወጣችም፤ የመደብር ገዢ አልተጠየቀባትም።

ትዕዛዙ በሚሰበሰብባቸው በእነዚያው ሳምንታት፣ በማርች፣ ቶይስ አር አስ የተባለው የመጫወቻ መደብር ኩባንያ በአሜሪካ ያሉትን ከ700 በላይ መደብሮች እንደሚዘጋ አስታወቀ። በ2005 በ6.6 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ የተጫነበት ዕዳ ጀርባውን ሰብሮት ነበር። መሥራቹ ቻርልስ ላዛረስም በዚያው ወር አረፉ። ላዛረስ በ1948 የሕፃናት ዕቃ ሱቃቸውን የከፈቱት ዋሽንግተን ውስጥ፣ አዳምስ ሞርጋን፣ 18ኛው ጎዳና ላይ ነው። በ1980ዎቹ ያ ጎዳና የሐበሻ ምግብ ቤቶች ተደርድረውበት እኛ ከሥራ ወጥተን የምንገናኝበት ሆኖ ነበር። ከጣሪያ የሚደርሰው የመጫወቻ መደርደሪያ ታሪክ የጀመረው እኛ እንጀራ በምንበላበት ጎዳና ነው፤ የተዘጋውም ሃስላብ በተከፈተበት ወቅት ነው።

ሃስላብ ለሐበሻ አዲስ ነገር አይደለም፤ ዕቁብ ይመስላል። ሰው ይሞላል፣ ገንዘቡ ይሰበሰባል፣ ቃል የተገባው ይወጣል። ሰው ካልሞላም ማንም አይጎዳም። በ2020 ለማንዳሎሪያኑ መንኮራኩር ለሬዘር ክረስት 6,000 ሰው ተፈልጎ ከ28,000 በላይ ተገኘ። በ2021 ራንኮር ለተባለው አውሬ የተጠየቀው 9,000 ሰው ስላልሞላ ሳይሠራ ቀረ። ልዩነቱ ዕቁብ ውስጥ አቅም የሌለው ግማሽ ዕጣ ይዞ መግባቱ ነው። እዚህ ግማሽ ዕጣ የለም። በፌዴራሉ ዝቅተኛ ክፍያ በ7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ለሚሠራ ሰው የጃባ መርከብ 69 ሰዓት ነች፤ ከፍላግ እጥፍ በላይ።

አርባውን ያለፈ አንድ የወዳጄ ልጅ ካዘዟት አንዱ ነው። ቤቱ ስሄድ ሳሎኑ ውስጥ ቆማ አየኋት። የጨርቅ ሸራዋ ተዘርግቷል፤ ጎኗ ሲነሳ ውስጧ በሙሉ ይታያል። የሠሯት ሰዎች ፊልሙን የሚወዱ፣ ሙያቸውን የሚያከብሩ ናቸው። «ጋሼ፣ ይቺን ስጠብቅ ነው ያደግኩት» አለኝ። ደስታው እውነተኛ ነበር፤ ደስ አለኝ። ልጁ ይጫወትባት እንደሆነ ስጠይቀው፦ «ኧረ ጋሼ፣ አንድ ነገሯ ቢሰበር መተኪያ የላትም» አለ። ልጁ አጠገባችን ቆሞ ነበር፤ እንዳይነካት ተነግሮት ያደገ መሆኑ ያስታውቃል።

ሚዛኑን ላስቀምጥ። የተገኘው ቀላል አይደለም። ለ35 ዓመት የተዘለለ ነገር ተሠርቷል። የፈለገው ሰው አግኝቶታል፣ ያልተፈለገው ተሠርቶ አልተጣለም። ኩባንያው ደንበኛውን በቀጥታ ይሰማል፤ ሁለት የመደብር ገዢዎች የሚሊዮኖችን ምርጫ ብቻቸውን አይዘጉም። ለልጆችም የተሠራ አለ። ሃስብሮ በ2020 ሚሽን ፍሊት የተባሉ አነስ ያሉ ጀግኖችን ከነተሽከርካሪያቸው አወጣ። ጃዝዌርስ የተባለው ኩባንያ ደግሞ ከ2022 ጀምሮ ማይክሮ ጋላክሲ ስኳድሮን በሚል ስም ብዙ የተዘለሉ መንኮራኩሮችን በእጅ መዳፍ ልክ ሠርቶ በተለያየ ዋጋ መደርደሪያ ላይ አስቀምጧል። ይህን የሠሩ ሰዎች ሊመሰገኑ ይገባል።

የጠፋው ግን ከተገኘው ያነሰ አይደለም። ድሮ አደጋውን የሚሸከመው አቅም ያለው ነበር፤ ኩባንያው ይሠራል፣ መደብሩ ይገዛል፣ ካልሄደ ሁለቱ ይከስራሉ። ከዚያ ኪሳራ በጃንዋሪ የመጀመሪያ ሳምንት ለሌላው ልጅ ይደርሰው ነበር። ይህንን ማንም በዕቅድ አልሠራውም፤ ማንም በጎ አድራጎት ብሎ አልጠራውም፤ ግን ይሠራ ነበር። በትዕዛዝ ልክ የሚሠራ ነገር ቅሪት የለውም። ቅሪት ከሌለ ዋጋው የሚወርድበት ሐሙስ የለም፤ በጠዋት በር ላይ የምትቆም እናትም የምትመጣበት ምክንያት የለም። አሠራሩ ብክነቱን ሲያጠፋ የድሃውን ልጅ ድርሻም አብሮ አጠፋው።

ስለዚህ ከነዚህ ኩባንያዎች የምጠብቀው ነገር አለ። አስቀድሞ ከሚሰበሰበው ገንዘብ ላይ ቀንሰው በየዓመቱ አንድ ደህና ተሽከርካሪ፣ በትንሹ ጀግና ልክ፣ አንዲት የሆቴል ሠራተኛ በምትችለው ዋጋ መደርደሪያ ላይ ያውጡ። ፊልሙ ላይ ባይኖርም ግድ የለም። ኬነር በ1981 አድርጎታል፤ ልጆቹም ተቀብለውታል። ይህን ስል ኩባንያዎቹ ከስረው ይጽደቁ ማለቴ አይደለም። በ2018 ለጃባ መርከብ 500 ዶላር ያወጡት 8,810 ሰዎች ከየት እንደመጡ ይጠይቁ። ብዙዎቹ በ1980ዎቹ፣ ኪሳቸው ባዶ ሆኖ፣ ከጣሪያ በሚደርስ መደርደሪያ ሥር አንገታቸውን አቅንተው የቆሙ ልጆች ነበሩ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ እንዲያዝዝ የሚፈለግ ሰው ካለ፣ ያ ሰው ዛሬ ስምንት ዓመቱ ነው፤ የሚቆምበት መደርደሪያም ይፈልጋል።